ግራፉ የመንገዱ ስዕል አይደለም፦ የሞሽን ግራፎችን ከዜሮ ጀምሮ ማንበብ

ባለፈው የማስጠናው የ9ኛ ክፍል ልጅ ጋ አንድ ግራፍ ይዤ ሄድኩ። መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዛ በአግድም ይሄዳል፣ ከዛ ወደ ታች ይወርዳል። የቁም አክሲሱ ላይ ፖዚሽን (ያለበት ቦታ) በሜትር፣ የአግድም አክሲሱ ላይ ጊዜ በሰከንድ ተጽፏል። "ሰውየው ምን እያደረገ ነው?" ስለው ሳያመነታ "ዳገት ወጣ፣ ሜዳ ላይ ትንሽ ሄደ፣ ከዛ ቁልቁለቱን ወረደ" አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፎርሙላዎቹን በሙሉ በቃሉ ይወጣቸዋል፣ ግን ግራፉን ያየው እንደ ፎቶ ነው። ግራፉ የሚለው ሌላ ነው፦ ሰውየው ከመነሻው ራቀ፣ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ፣ ከዛ ዞሮ ወደመጣበት ተመለሰ። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጥ ያለ ሜዳ ሊሆን ይችላል፣ ግራፉ ስለ ዳገት ምንም አላወራም።

ይሄንን ስህተት ፍሬሽማን የደረሱ ልጆች ጋም አያለሁ፣ እና ሁሌም ከዚሁ ስለሚጀምር ነው እስከመጨረሻው በደንብ ልጻፈው ያልኩት። ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ አዘጋጁ፣ እያነበባችሁ ካልሳላችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም። ፎርሙላውን ለጊዜው እርሱት።

ደረጃ 1፦ መስመሩን በእጃችሁ ሸፍኑና አክሲሱን አንብቡ

የምሬን ነው፣ መስመሩን ሸፍኑት። አይን ቶሎ የሚሮጠው ወደ መስመሩ ቅርጽ ነው፣ ቅርጹ ደግሞ ብቻውን ምንም አይናገርም። በአግድም ያለው ብዙ ጊዜ ጊዜ ስለሆነ ችግር የለውም፣ ጉዳዩ ያለው በቁም የተጻፈው ላይ ነው። ፖዚሽን ነው? ቬሎሲቲ (ፍጥነት ከነአቅጣጫው) ነው? አክስለሬሽን (ቬሎሲቲው በየሰከንዱ የሚቀየርበት መጠን) ነው?

ለምሳሌ ከአግድም አክሲሱ ከፍ ብሎ ቀጥ ያለ አግድም መስመር አለ እንበል። ቁሙ ፖዚሽን ከሆነ እቃው ቆሟል፣ ሰከንዱ እየሄደ ቦታው አልተቀየረም። ቁሙ ቬሎሲቲ ከሆነ ያው መስመር እቃው ባንድ አይነት ፍጥነት እየሄደ ነው ማለት ነው። ቁሙ አክስለሬሽን ከሆነ ደግሞ ቬሎሲቲው በየሰከንዱ እኩል እየተቀየረ ነው። መስመሩ አንድ፣ ታሪኩ ሶስት። ፈተና ላይ ይሄንን ሶስቱን እያቀያየሩ ነው የሚጠይቁት፣ ስለዚ መጀመሪያ የቁሙን ስም በእርሳስ አክብቡበት።

ዩኒቱንም አብራችሁ እዩ፣ ሜትር ነው ወይስ ሜትር በሰከንድ። ዩኒቱ በኋላ ከብዙ ስህተት ያድናችኋል።

ደረጃ 2፦ ፖዚሽን ግራፍ ላይ ከፍታና ስሎፕን ለዩ

አሁን እጃችሁን አንሱ። ፖዚሽን በቁም፣ ጊዜ በአግድም ሲሆን እያንዳንዷ ነጥብ ሁለት ነገር ይዛለች። የነጥቡ ከፍታ "የት ነው ያለው" የሚለውን ይመልሳል። እዛ ነጥብ ላይ የመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ "በምን ፍጥነት እየሄደ ነው" የሚለውን ይመልሳል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከፍ ያለ ቦታ ያለ ነጥብ ፈጣን ነው ማለት አይደለም፣ ሩቅ ነው ማለት ብቻ ነው።

ስሎፕ ማውጣት ቀላል ነው፦ መስመሩ ላይ ሁለት ነጥብ ምረጡ፣ በቁም ስንት እንደተቀየረ በአግድም ስንት እንደተቀየረ ለሚለው አካፍሉት። ሜትር ለሰከንድ ሲካፈል ሜትር በሰከንድ ይወጣል፣ ያ ደግሞ የቬሎሲቲ ዩኒት ነው። ዩኒቱ ራሱ "የዚህ ግራፍ ስሎፕ ቬሎሲቲ ነው" እያለ እየነገራችሁ ነው፣ መሸምደድ አያስፈልግም።

ሽቅብ የሚሄድ መስመር ፖዘቲቭ ቬሎሲቲ፣ ቁልቁል የሚሄድ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ወደ ኋላ መመለስ። አግድም ከሆነ ቆሟል። መስመሩ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ቬሎሲቲው እየተቀየረ ነው፣ ያኔ የአንድን ቅጽበት ቬሎሲቲ ለማወቅ ማስመሪያችሁን እዛች ነጥብ ላይ ኩርባውን ነካ አድርጎ እንዲያልፍ አስቀምጡና የማስመሪያውን ስሎፕ አውጡ። ታንጀንት የሚሉት ይሄው ነው።

ደረጃ 3፦ በእውነተኛ ቁጥር ራሳችሁ ሳሉ

የመጽሐፍ ግራፎች ሁልጊዜ በማስመሪያ የተሰመሩ ስለሆኑ የእውነት እንቅስቃሴ ምን እንደሚመስል አያሳዩም። ስለዚ የዩሴን ቦልትን ሩጫ እንውሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠውን። በየ10 ሜትሩ የተለካው ሰዓቱ ይሄ ነው፦ 10 ሜትር ላይ 1.89፣ 20 ላይ 2.88፣ 30 ላይ 3.78፣ 40 ላይ 4.64፣ 50 ላይ 5.47፣ 60 ላይ 6.29፣ 70 ላይ 7.10፣ 80 ላይ 7.92፣ 90 ላይ 8.75፣ 100 ላይ 9.58።

አግድሙ ላይ ከ0 እስከ 10 ሰከንድ፣ ቁሙ ላይ ከ0 እስከ 100 ሜትር አድርጉና አስሩን ነጥቦች ጣሉ፣ ከዛ በእጃችሁ ለስለስ አድርጋችሁ አገናኟቸው። መጀመሪያው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ቦልት ለመንቀሳቀስ 0.146 ሰከንድ ወስዶበታል፣ ስለዚ ግራፉ ከዜሮ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ አግድም ነው መሆን ያለበት። ከዛ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እየቆመ ይሄዳል፣ ከ40 ሜትር በኋላ በማስመሪያ የተሰመረ ሊመስላችሁ ይችላል።

አሁን ጥያቄ። ቦልት ከ70 ሜትር በኋላ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው የሄደው። ታድያ ግራፉ እዛ ጋ ለምን ወደ ታች አልወረደም? ብዙ ልጅ "ሲቀንስ መውረድ ነበረበት" ይላል። ወደ ታች ቢወርድ እኮ ቦልት ዞሮ ወደ መነሻው እየሮጠ ነው ማለት ነበር! መቀነስ ፖዚሽን ግራፍ ላይ የሚታየው መስመሩ በትንሹ ተኛ በማለቱ ነው፣ ግን አሁንም ሽቅብ ነው። ይቺን ነገር የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ደረጃ 4፦ ከፖዚሽን ግራፉ ቬሎሲቲ ግራፍ አውጡ

ከመጀመሪያው ግራፍ ስር፣ የአግድም አክሲሱ ልክ በልክ እንዲገጥም አድርጋችሁ ሌላ ግራፍ አዘጋጁ። እዚህኛው ላይ ቁሙ ቬሎሲቲ በሜትር በሰከንድ ነው። አንዱን ካንዱ በታች ማድረግ ዋና ነገር ነው፣ ያኔ ማስመሪያውን ከላይ ወደ ታች አቁማችሁ ያንኑ ሰከንድ ሁለቱ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ጎን ለጎን የሚስሉ ልጆች ሁሌ ይምታታባቸዋል።

እያንዳንዱን 10 ሜትር ለፈጀው ሰከንድ አካፍሉ። የመጀመሪያው 10 ሜትር 1.89 ሰከንድ ፈጅቷል፣ 5.29 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ሁለተኛው 0.99 ሰከንድ ነው፣ 10.10። እንደዚ እያላችሁ ስትቀጥሉ 11.11፣ 11.63፣ 12.05፣ 12.20፣ ከዛ ከ60 እስከ 70 ሜትር ባለው ላይ 12.35 ይደርሳል፣ ከዛ 12.20፣ 12.05፣ 12.05። እነዚህ የየክፍሉ አማካይ ስለሆኑ ነጥቡን የክፍሉ ጊዜ መሀል ላይ ጣሉት፣ ለምሳሌ 12.35ን ከ6.29 እስከ 7.10 ባለው መሀል፣ 6.7 ሰከንድ አካባቢ።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። ከላይ ያለው ግራፍ እስከ መጨረሻው እየወጣ ነው፣ ከታች ያለው ግን በሀይል ተነስቶ፣ ጣሪያ ነክቶ፣ መጨረሻ ላይ በትንሹ ወርዷል። ያው ሰው፣ ያው ሩጫ፣ ቅርጹ ግን ምንም አይመሳሰልም።

እዚህ ጋ አንድ በጣም የተለመደ ወጥመድ አለ። "7.10ኛው ሰከንድ ላይ ቬሎሲቲው ስንት ነው?" ሲባል 70ን ለ7.10 አካፍሎ 9.86 የሚል መልስ የሚሰጥ ብዙ ነው። 9.86 እኮ ከሽጉጡ ጀምሮ እስከዛች ሰከንድ ድረስ ያለው አማካይ ነው፣ ቀስ ብሎ የተነሳበትን ሁሉ ቀላቅሎ። እዛች ቅጽበት ላይ ግን 12.3 አካባቢ እየሮጠ ነበር። ስሎፕ ማለት የቁም ለውጥ ለአግድም ለውጥ እንጂ የቁም ቁጥር ለአግድም ቁጥር አይደለም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ከዜሮ የተነሳ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ብቻ ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያሉ ምሳሌዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ስለሚነሱ ልጁ ስህተቱን ሳያውቀው ወራት ይቆያል።

ሌላው ደግሞ ሁለት መስመር ሲቋረጥ ነው፣ ለዚህ ከሲድኒ 2000 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ሀይሌ ገብረሥላሴ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ፖል ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ፣ ያንን ቀን ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። የመጨረሻውን 100 ሜትር በሀሳባችሁ ሳሉት፣ ቁሙ ላይ የሮጡት ርቀት ይሁን። ቴርጋት ቀድሟል፣ ስለዚ መስመሩ ከሀይሌ መስመር ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። የሀይሌ ከስር ነው ግን የበለጠ ቆሟል፣ እየተጠጋ እየተጠጋ መጨረሻው ላይ ይቋረጣሉ፣ ከዛ የሀይሌ በላይ ይሆናል። ፖዚሽን ግራፍ ላይ መቋረጥ ማለት ባንድ ሰከንድ ባንድ ቦታ መሆን ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ጎን ለጎን ያየንበት ቅጽበት።

ታድያ ቬሎሲቲ ግራፍ ላይስ የሁለቱ መስመር የሚቋረጠው እዛው ሰከንድ ላይ ነው? አይደለም፣ ከዛ በፊት ነው። ቴርጋት አፈትልኮ ሲወጣ የሱ ቬሎሲቲ ይበልጥ ስለነበር ክፍተቱ ሰፋ። የሀይሌ ቬሎሲቲ ከቴርጋት ጋር እኩል በሆነባት ሰከንድ ሁለቱ መስመሮች ተቋረጡ፣ ያኔ ግን ሀይሌ ገና ከኋላ ነው! እንደውም ከኋላ የቀረበት ርቀት ትልቁ እዛች ሰከንድ ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው መጥበብ የጀመረው። ቬሎሲቲ ግራፍ ላይ መቋረጥ እኩል መፍጠን ብቻ ነው፣ መገናኘት አይደለም። "ሁለቱ መኪኖች መቼ ተገናኙ?" ተብሎ ቬሎሲቲ ግራፍ ሲሰጣችሁ የተቋረጡበትን ሰከንድ ጽፋችሁ እንዳትወጡ።

ደረጃ 5፦ ቬሎሲቲ ግራፍ ስር ያለውን ኤሪያ (ስፋት) ቁጠሩ

እስካሁን ከላይ ወደ ታች ነው የመጣነው፣ አሁን እንመለስ። ሚኒባስ ከፌርማታ ተነሳ እንበል። በ5 ሰከንድ ውስጥ ከዜሮ 10 ሜትር በሰከንድ ደረሰ፣ በዛው ፍጥነት 12 ሰከንድ ሄደ፣ አንዷ "ወራጅ አለ!" አለችና ሾፌሩ ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ አቆመ። ቬሎሲቲ ግራፉን ሳሉ፦ ሽቅብ መስመር፣ አግድም መስመር፣ ቁልቁል መስመር። ጠቅላላ 21 ሰከንድ። ስንት ሜትር ሄደ?

መሀሉን አስቀድሙ። በ10 ሜትር በሰከንድ 12 ሰከንድ ከሄደ 120 ሜትር ነው፣ ማንም ይመልሰዋል። ግን አሁን ግራፉ ላይ ያንን ስሌት እዩት፣ 10 የሬክታንግሉ ቁመት ነው፣ 12 ወርዱ ነው፣ ሁለቱን ስታባዙ ሳታውቁት ኤሪያ አወጣችሁ። "ሜትር በሰከንድ" በሰከንድ ሲባዛ ሰከንዱ ይሰረዛል፣ ሜትር ይቀራል። ለዛ ነው ኤሪያው ርቀት የሚሆነው።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ግን ቬሎሲቲው በየቅጽበቱ ይለያያል፣ በስንት እናባዛ? ሶስት መአዘኑን በጣም ቀጫጭን አድርጋችሁ በቁም ክተፉት። እያንዳንዷ ቁራጭ በጣም ቀጭን ስለሆነች ሬክታንግል ናት ማለት ይቻላል፣ ኤሪያዋም በዛች ቅጽበት የተሄደው ርቀት ነው። ሁሉንም ስትደምሩ የሶስት መአዘኑ ኤሪያ ይመጣል፣ የ5 እና የ10 ብዜት ግማሽ፣ 25 ሜትር። ፍሬኑ ደግሞ የ4 እና የ10 ብዜት ግማሽ፣ 20 ሜትር። ድምሩ 165 ሜትር። ይቺ ሀሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፍጥነትን በቁም መስመር፣ ጊዜን በአግድም አድርጎ ኤሪያው ርቀት መሆኑን አሳይቷል፣ ከጋሊሊዮ ከ200 አመት በላይ ቀድሞ።

አማካይ ቬሎሲቲውን ከተጠየቃችሁ 165ን ለ21 አካፍሉ፣ 7.86 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው። "ዜሮና 10 ተደምሮ ለሁለት፣ 5" የሚለው አይሰራም፣ እሱ የሚሰራው ቬሎሲቲው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲቀየር ብቻ ነው።

ከዚ ተነስታችሁ የሚኒባሱን ፖዚሽን ግራፍ ሳሉ። 5ኛው ሰከንድ ላይ 25 ሜትር፣ 17ኛው ላይ 145፣ 21ኛው ላይ 165። የመጀመሪያውን ክፍል በማስመሪያ እንዳታገናኙት! 2.5ኛው ሰከንድ ላይ ያለውን ኤሪያ አስሉ፣ 6.25 ሜትር ነው፣ ግማሽ ጊዜ ሄዶ ሩብ መንገድ ብቻ። ስለዚ ኩርባው መጀመሪያ ተኝቶ እየተነሳ ይሄዳል። መሀሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ፍሬኑ ላይ ደግሞ እየተኛ ሄዶ 165 ላይ አግድም ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ከዜሮ በታች

ኔጌቲቭ ማለት "እየቀነሰ" ማለት ነው የሚለውን ከጭንቅላታችሁ አውጡ። ኔጌቲቭ አቅጣጫ ነው፣ በቃ። ኳስ በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወረወራችሁ፣ ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ አልነው፣ የመሬት ስበቱን ለስሌት እንዲቀል ከ9.8 ወደ 10 አጠጋጋነው፣ የአየሩን ግጭትም ተውነው። ቬሎሲቲ ግራፉ ከ20 ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ 2ኛው ሰከንድ ላይ ዜሮን ይቆርጣል፣ 4ኛው ሰከንድ ላይ ኔጌቲቭ 20 ላይ እጃችሁ ይገባል። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፣ የትም ጋ አልታጠፈም፣ አልተሰበረም።

ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ስል ከአስር ልጅ ብዙዎቹ "ዜሮ፣ ለአፍታ ስለቆመ" ይሉኛል። መስመሩን እዩት እንጂ። ዜሮን ሲቆርጥ ስሎፑ ተቀየረ? አልተቀየረም። አክስለሬሽን የቬሎሲቲ ግራፍ ስሎፕ ስለሆነ ኔጌቲቭ 10 ነው፣ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም። እዛ ጋ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

እየፈጠነ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን በአይን ለማወቅ፦ ቬሎሲቲ ግራፉ ላይ መስመሩ ወደ ዜሮው አክሲስ እየተጠጋ ከሆነ እየቀነሰ ነው፣ እየራቀ ከሆነ እየፈጠነ ነው፣ ከላይም ይሁን ከታች። ኳሱ ሲወርድ መስመሩ ከዜሮ በታች እየራቀ ነው፣ አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ ሆኖ እየፈጠነ ነው።

ኤሪያውም ምልክት አለው። ከላይ ያለው ሶስት መአዘን ፖዘቲቭ 20 ሜትር፣ ከታች ያለው ኔጌቲቭ 20። በምልክቱ ስትደምሩ ዜሮ፣ እሱ ዲስፕሌስመንት ነው፣ እጃችሁ ላይ ተመለሰ። ምልክቱን ትታችሁ ስትደምሩ 40 ሜትር፣ እሱ ዲስታንስ ነው። ጥያቄው የትኛውን እንደሚል ሁለቴ አንብቡ።

ደረጃ 7፦ አክስለሬሽን ግራፍ

ይሄኛው አጭር ነው፣ ምክንያቱም ህጉ ያው ነው። ከቬሎሲቲ ግራፍ ስሎፕ አውጥታችሁ ትስሉታላችሁ። ሚኒባሱ ላይ መጀመሪያ 2፣ መሀል ላይ ዜሮ፣ ፍሬኑ ላይ ኔጌቲቭ 2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ሶስት አግድም መስመሮች። ኤሪያው ደግሞ የቬሎሲቲ ለውጥ ነው እንጂ ቬሎሲቲው ራሱ አይደለም፣ ሲነሳ ስንት እንደነበረ ካልተነገራችሁ ስንት ላይ እንደደረሰ ማወቅ አትችሉም። ወደ ታች ስትወርዱ ስሎፕ፣ ወደ ላይ ስትመለሱ ኤሪያ።

ደረጃ 8፦ ግራፉን በእግራችሁ ሂዱት

እኔ ጋ ከሁሉም በላይ የሰራው ይሄ ነው። ኮሪደር ወይም ግቢ ውስጥ በጠመኔ ከ0 እስከ 6 ሜትር በየሜትሩ ምልክት አድርጉ። ሶስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ለማንም ሳያሳይ ፖዚሽን ግራፍ ይስላል፣ ለምሳሌ ከ1 ሜትር ተነስቶ በ4 ሰከንድ 5 ሜትር ላይ የሚደርስ፣ ለ3 ሰከንድ የሚቆም፣ በ2 ሰከንድ ወደ 1 የሚመለስ። ግራፉን ለሁለተኛው ይሰጠዋል፣ እራሱ ደግሞ ስልክ ይዞ ሰከንዱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሁለተኛው እንደ ግራፉ ይሄዳል፣ ሲሄድ 1 ሜትር በሰከንድ፣ ሲመለስ 2 ሜትር በሰከንድ መሆኑን እግሩ ላይ ይሰማዋል። ሶስተኛው ግራፉን ሳያይ የሚሄደውን ብቻ እያየ በየሰከንዱ የት ምልክት ላይ እንዳለ ይጽፋል፣ ከዛ ነጥቦቹን ጥሎ ያገናኛል።

ሁለቱን ወረቀት ደራርባችሁ መስኮት ላይ በብርሃን እዩዋቸው። ያልገጠመበት ቦታ ጋ ሂያጁ ነው የተሳሳተው ወይስ ጸሀፊው፣ እሱን ተከራከሩበት፣ ከዛ ሚና ተቀያይራችሁ በቬሎሲቲ ግራፍ ድገሙት።